የ1926ቱን የሬዲዮ ምሽት እየሰማሁ ፒያኖ ስለማመድ

ሰላም ወዳጆች። ከጥቂት ወራት ወዲህ የማዳመጥ ልማዴን ለውጫለሁ። ቀድሞ የፒያኖ ቅጂ ብቻ እየመረጥኩ ነበር የምሰማው፤ አሁን የአንድ ምሽት የሬዲዮ ዝግጅት ከነንግግሩ፣ ከነቀልዱና ከነዳንስ ሙዚቃው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ለፒያኖዬ ያመጣልኝ ለውጥ ትልቅ ስለሆነ ላካፍላችሁ።

የመረጥኩት ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ሥራ የጀመረበትን ምሽት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1926። ዝግጅቱ ኒውዮርክ በሚገኘው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል አዳራሽ ተካሂዶ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቷል (ሆቴሉ ያኔ የነበረው ዛሬ ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ባለበት ቦታ ላይ ነው)። ዋልተር ዳምሮሽ የኒውዮርክ ሲምፎኒን መራ፣ የኦፔራው ቲታ ሩፎ ዘፈነ፣ ሀሮልድ ባወር ፒያኖ ተጫወተ። በዚያው ምሽት ዌበርና ፊልድስ የሚባሉት የመድረክ ቀልደኞችም ነበሩ። ዘፋኟ ሜሪ ጋርደን ከቺካጎ፣ ጨዋታ አዋቂው ዊል ሮጀርስ ደግሞ ካንሳስ ውስጥ ካለችው የኢንዲፔንደንስ ከተማ ሆነው በስልክ መስመር ገቡ። እነ ቪንሰንት ሎፔዝና ቤን በርኒም የዳንስ ባንዶቻቸውን ይዘው ቀርበዋል።

እሰማለሁ ስል የዚያን ምሽት ቅጂ ማለቴ አይደለም። እኔ ያደረግኩት እነዚሁ ሰዎች በዚያው ዘመን ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች ሰብስቤ እንደ አንድ ምሽት ማሰናዳት ነው። ሸክላ በማይክራፎን መቀረጽ የጀመረው በ1925 ስለሆነ ቅጂዎቹ ለዘመናቸው ጥሩ ናቸው። ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ከአምስት ደቂቃ እምብዛም አይዘልም፤ ስለዚህ አንዱ ሳይሰለች ሌላው ይተካል። በሬዲዮ መዝናኛ ፕሮግራም ያደግን ሰዎች ይህ አይከብደንም፤ ወሬውን፣ ትረካውን፣ ዘፈኑንና ቀልዱን በአንድ ተቀምጦ መስማት ለምደናል።

አሁን ወደ ባወር ልምጣ። እንግሊዝ አገር በ1873 ተወለደ፤ መጀመሪያ የታወቀው በቫዮሊን ነበር። ወደ ፒያኖ የዞረው በታዋቂው ፖላንዳዊ ፒያኒስት በፓዴሬቭስኪ ምክር ሲሆን አብዛኛውንም በራሱ ጥረት ነው የተማረው። ዘግይተን ለጀመርን ሰዎች ይህ ብቻ ትልቅ ብርታት ነው። ከሁሉ በላይ የያዝኩት ግን አንድ አቋሙን ነው፦ ብቻውን የተመታ የፒያኖ ድምፅ ውብ ነው አስቀያሚ ነው ሊባል አይችልም፤ ውበቱ የሚመጣው ከጎኑ ካሉት ድምፆች ጋር ባለው ዝምድና፣ ማን ጎልቶ ማን ዝቅ እንዳለ ነው ይል ነበር። ይህን ሳነብ ገብቶኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ በጣቴ የተሰማኝ ግን የሬዲዮውን መስመር ራሴ አስመስዬ ስሠራው ነው።

በዚያ ዘመን ሙዚቃን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው የስልክ መስመር ያሳልፍ የነበረው ከ100 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚደረግ ንዝረት) ገደማ ያለውን ድምፅ ነው። ፒያኖ ደግሞ ከ27.5 ኸርዝ ተነስቶ 4,186 ኸርዝ ይደርሳል፤ ያውም ርቢዎቹን፣ ማለትም ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚሰሙትን ከፍ ያሉ ድምፆች፣ ሳንቆጥር። በዚያ ላይ ማሰራጫው እንዳይጨናነቅ የድምፅ ተቆጣጣሪው ከፍ ያለውን በእጁ ዝቅ፣ ሹክሹክታው በጫጫታ እንዳይዋጥም ዝቅተኛውን ከፍ ያደርግ ነበር። ስለዚህ የቤዙ ግርማ፣ የላይኛው ብልጭታና የከፍታና የዝቅታው ስፋት ሁሉም ይቀንሳል። የሚተርፈው መሃሉ ነው።

የቤትሆቨንን የጨረቃ ብርሃን ሶናታ የመጀመሪያ ክፍል እየተለማመድኩ ስለነበር (ባወርም በ1920ዎቹ ለሸክላ አሳታሚው ቪክተር ቀርጾታል) የራሴን አጨዋወት በሞባይሌ ቀድቼ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከ100 በታችና ከ5,000 በላይ ያለውን ቆረጥኩ። መጀመሪያ ያስደነቀኝ ቤዙ ነው። ግራ እጅ ሲጀምር የሚይዘው ዝቅተኛ ሲ ሻርፕ 69 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ተቆርጦም ይሰማል! ጆሯችን ከላይ ያሉትን ርቢዎቹን ይዞ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን አምስተኛው ባር (የኖታው ክፍልፋይ) ላይ ነው። እዚያ ትንሿ ጣት ዜማውን በጂ ሻርፕ ስትጀምር፣ ያው ቀኝ እጅ ከሥር ሦስት ሦስቱን ኖታ መደርደሩን ይቀጥላል። ሁለቱም ያሉት በዚያው በመሃሉ የድምፅ ክልል ነው፤ በጠባቡ መስመር ውስጥ ዜማውን ከአጃቢው የሚለየው የጣት ክብደት ብቻ ነው። የባወር አቋም ይኸው ነው። አሁን የምለማመደው አውራ ጣትና መካከለኛዎቹ ጣቶች ቁልፉን ሳይለቁ እጅግ ቀለል ብለው እንዲነኩ፣ የክንዱ ክብደት ወደ ትንሿ ጣት እንዲያዘነብል አድርጌ ነው። ፔዳሉም ሦስተኛው ባር መሃል ቤዙ ከኤ ወደ ኤፍ ሻርፕ ሲወርድ በትክክል መቀየር አለበት፤ ጥቂት ቢዘገይ በዚህ ቅጂ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ታዲያ ቀልዱ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል። ከሰው ንግግር ቀጥሎ ፒያኖ ሲገባ ጆሮዬ አሁንም ንግግር እየጠበቀ ነው፤ ዜማው የት እንደሚተነፍስ፣ ሐረጉ የት እንደሚያልቅ ከመቼውም በላይ ይሰማኛል። ፒያኖ ከፒያኖ ተከታትሎ ሲሰማ ይህ ይደበዝዛል። ክላሲካልን ከቀልደኛ ጋር ማደባለቅ ክብሩን ዝቅ ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ኮንሰርት አዳራሽ ረግጦ የማያውቅ ስንት ሰው ቀልዱን ሲጠብቅ ፒያኖውን ሰምቷል! ዳምሮሽም ቢሆን ከ1928 እስከ 1942 ተማሪዎችን በዚሁ ሬዲዮ ሙዚቃ አስተምሯል።

ቀጥሎ የያዝኩት የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የደቡሲን «የልጆች ማዕዘን» የተባለ የፒያኖ ስብስብ ነው፤ ባወር በ1908 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተጫወተው። ከውስጡ «ትንሹ እረኛ» የተባለውን መርጫለሁ፤ ያለአጃቢ በአንድ ዜማ ብቻ ስለሚጀምር በጠባቡ መስመር እንዴት እንደሚሰማ ጓጉቻለሁ። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ እናንተም አሁን የያዛችሁትን ሥራ በእነዚሁ ቁጥሮች ቆርጣችሁ ስሙትና ዜማው ከአጃቢው ተለይቶ ይሰማ እንደሆነ ጻፉልኝ።