«ኮድ ግሬይ» ያልኩባት ሌሊት

ከሜሪላንድ ወደ ካሊፎርኒያ ስሄድ ከነርሲንግ ከተመረቅኩ ሰባት ወሬ ነበር። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ቁጭ ብላ፣ «ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እዚህ እያለ ምን ጎደለብሽ?» አለችኝ። የጎደለብኝን አውቀው ነበር። ተማሪ ሳለሁ በነርስ ረዳትነት ስሠራ፣ አንዲት ነርስ ሰባት ስምንት ታካሚ ይዛ ስትባክን አይቻለሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ቁጥሩ በሕግ ተገድቧል። የውስጥ ደዌና የቀዶ ጥገና ታካሚዎች በሚተኙበት በሜድሰርጅ ክፍል ከ2005 ጀምሮ ለአንድ ነርስ ከ5 ታካሚ በላይ አይሰጥም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ልናገር፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ሜሪላንድ «ኮምፓክት» የሚባለው የስቴቶች ስምምነት አባል ናት። ነዋሪነቴ እዚያ እስከሆነ ድረስ የነርስነት ፈቃዴ (ላይሰንሴ) ቨርጂኒያም ቴክሳስም ያሠራኛል። ካሊፎርኒያ ግን ስምምነቱ ውስጥ የለችም። የነርሶች የፈቃድ ፈተና የሆነው ኤንክሌክስ አገር አቀፍ ስለሆነ ዳግመኛ አልተፈተንኩም። በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ያለኝን ፈቃድ ይዤ የካሊፎርኒያውን ለማግኘት አመለከትኩ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ጠበቅኩ። ላይሰንሱ ሳይወጣልኝ የቤት ኪራይ ውል አልፈረምኩም። እናንተም አትፈርሙ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኦሬንቴሽን ጨርሼ ብቻዬን መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንት ደረሱኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሌሊት ሲነቁ «ሥራ ረፈደብኝ፣ ልብሴን ስጪኝ» ይሉኛል። እጃቸውን ይዤ «ገና ነው፣ ትንሽ ይተኙ» ስላቸው ይተኛሉ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለሌላ ታካሚ መድኃኒት ሰጥቼ ስመለስ አልጋቸው ባዶ ነው። ሽንት ቤት የሉም። ጫማቸውም የለም።

ሆስፒታል ውስጥ ድንገተኛ ነገር ሲገጥም በቀለም የተሰየመ ኮድ ይጠራል። ስልኩን አንስቼ ለኦፕሬተሯ «ኮድ ግሬይ» አልኩና የክፍሉን ቁጥር ነገርኳት። በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ወዲያው ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ጓንት አጥልቀው እየሮጡ መጡ፤ ከኋላቸው ሁለት ወንድ ነርሶች። ሁሉም ተንደርድረው ክፍሉ ውስጥ ገቡ። «የታለ የሚደባደበው ሰውዬ?» አለኝ አንዱ። እኔ ደግሞ «ለምን በሩን አልያዛችሁም?» ብዬ ጮህኩ። ለአፍታ ዝም ብለን ተያየን።

ሜሪላንድ በሠራሁበት ሆስፒታል ግሬይ ማለት ታካሚ ጠፋ ማለት ነበር። ግሪን ደግሞ የሚደባደብ ሰው አለ ማለት። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ግሬይ ድብድብ፣ ግሪን የጠፋ ሰው። በየበሩና በየደረጃው መቆም የነበረባቸውን ሰዎች አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰበሰብኳቸው።

የተረኞቹ ኃላፊ የሆነችው ቻርጅ ነርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ኮድ አልጠራችም። «አንድ አዛውንት ታካሚ ጠፍተዋል። የሆስፒታል ጋውን ለብሰዋል፣ ቡናማ ጫማ አድርገዋል» አለች። እኔ በደረጃው እየሮጥኩ ወረድኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚወስዱ አውቃለሁ። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ቢመቱስ? በየፎቁ ወለሉን እያየሁ ወረድኩ።

ምድር ቤት፣ መውጫው በር አጠገብ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ክንዳቸውን ይዛ ቆማለች። ማስታወቂያውን ሰምታ ጫማቸውን አይታ ነው ያወቀቻቸው። እሳቸው በትህትና እንድትለቃቸው ይለምኗታል፤ ሰው እየጠበቃቸው ነው።

ሪፖርቱን ስጽፍ ሁለት ነገር አሰፈርኩ። የተሳሳተ ኮድ ጠራሁ፤ ከሽንት ቤት መልሼ ሳስተኛቸውም ታካሚ ሲነሳ የሚጮኸውን የአልጋውን አላርም ሳልከፍት ወጣሁ። የኮዶቹ ዝርዝር ባጄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንብቤዋለሁ፣ የኦሬንቴሽኑንም ፈተና አልፌያለሁ። ነገር ግን ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚወጣው የለመደው ቃል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ በፊትም ደርሷል። በ2005 ይፋ በሆነ የፔንሲልቬንያ ገጠመኝ፣ ሁለት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ለታካሚዋ ቢጫ የእጅ ማሰሪያ ታስራለች። በአንዱ ሆስፒታል ቢጫ ማለት «በዚህ ክንድ ደም አትቅዱ» ነው። ታካሚው በተኛበት ግን «ልብ ቢቆም ለማስነሳት አትሞክሩ» ነው። ታካሚው ልቡ ሲቆም ለጥቂት ሳይረዱት ሊቀሩ ነበር፤ ስህተቱን ያስተዋለ ባልደረባ ስለነበረ ተረፈ። ብዙ ሆስፒታሎች ዛሬ ኮዱን ትተው በግልጽ ቋንቋ ማወጅ መጀመራቸው እኔን ከልቤ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር ከቴክሳስ አንዲት አዲስ ተመራቂ መጣችልን። ገና ኮቷን ሳታወልቅ ስልኩ ጋ ወሰድኳት። «ታካሚሽ አልጋው ላይ የለም። ደውለሽ ምን ትያለሽ?» አልኳት። የቴክሳሱን ኮድ ተናገረች። «እንደገና» አልኳት።