በባሌ ተራሮች በእግር

ዲንሾ ካለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ማልደን ስንነሳ ሣሩን አመዳይ አንጥቶት ነበር። ድንኳኑንና ከባዱን ዕቃ ፈረሶች ተሸክመውታል፤ በየጀርባችን የቀረው ውሃ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ስንቅ ነው። በዌብ ሸለቆ አድርገን፣ ሶዶታንና ራፉን አልፈን ሳነቴ አምባ ላይ ልንወጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ዎክ ማድረግ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሳልራመድ የዋልኩ ቀን ሰውነቴ ራሱ ይጠይቀኛል። ያ ልማድ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ማየት የቆየ ምኞቴ ነበር።

ዌብ ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። እግር ሲገባበት ግን ሌላ ነው። ትልቁ የባሌ ፍልፈል መሬቱን ከውስጥ ቦርቡሮታል፤ ደልዳላ የመሰለው ሣር ሲረግጡት ድንገት ይሰምጥና እግር ወደ ጎን ይታጠፋል። ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ለቀይ ቀበሮም ዋነኛ ምግቧ ነው። አንዷን በቅርብ አየናት፦ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ አንድ የፊት እግሯን ከመሬት በትንሹ አንስታ፣ ዓይኗን ጉድጓድ አፍ ላይ ተክላለች። እኛ መኖራችንን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው።

አስፋልት ላይ ለሚራመድ ሰው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ትርፍ ክብደት ነው ባይ ነኝ። ቀለል ያለ፣ ጣት ላይ የሚታጠፍ፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጫማ ይበቃዋል። እዚህ ግን ከፍ ያለውን፣ ሶሉ ጥርሳም የሆነውን ይዤ በመምጣቴ በየእርምጃው ደስ ይለኝ ነበር።

ጫማ ስመርጥ የምሞክረው ወደ ማታ ነው፤ እግር ሲቆምበትና ሲኬድበት ውሎ ያብጣል፣ ተራራ ላይም እንዲሁ ነው። የምለካው ደግሞ መንገድ ላይ በማደርገው ካልሲ ነው። ከረጅሙ ጣቴ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ መኖር አለበት። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ስለሚንሸራተት፣ ቦታ ያጣ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ውሎ ጥፍሩ ይጠቁራል። ተረከዝ ከቦታው የሚነሳበትን ጫማ ግን ምንም ቢያምር አልወስደውም። የወደድኩትንም ቢሆን ለሳምንታት በጠዋት መንገዴ ላይ ሳላለማምደው ሩቅ አልሄድበትም። አዲስ ጫማ አድርጎ ተራራ መውጣትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ካልሲን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ከጫማ እኩል አየዋለሁ። ጥጥ ላብ ይጠጣና እርጥበቱን እዚያው ይዞ ይቀራል። የራሰ ቆዳ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ሲታሽ ውሃ ይቋጥራል። ሱፍ ያለበት ካልሲ እርጥበቱን ከቆዳ ያርቃል፤ ቢረጥብም እንደ ጥጥ አይቀዘቅዝም። በሁለተኛው ቀን አብሮን የሚጓዝ ወጣት፣ ‹‹ተረከዜን ማቃጠል ጀመረኝ›› አለ። አስጎብኚያችን እስከ ማረፊያው እንኳ አልጠበቀም፤ እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጫማውን አስወለቀው። ቆዳው ቀልቷል እንጂ ገና ውሃ አልቋጠረም። አደረቅነው፤ ፕላስተሩን እንዳይጨማደድ እየዳበስን ለጠፍንለት፤ ደረቅ ካልሲ ቀየረ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ በመጨረሻዋ ቀዳዳ አስገብተን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ አደረግንለት፤ ተረከዙ መንሸራተቱን አቆመ። ልጁ እስከ ሳነቴ ድረስ ሳያነክስ ሄደ። አንድ ሰዓት ብንቆይ ኖሮ ጉዞው ለእሱ ሥቃይ ይሆን ነበር።

ራፉ ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዓምድ ዓምድ ሆኖ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ዳገቱና የአየሩ መሳሳት ተባብረው መጡብን። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። አስጎብኚያችን ዞር ብሎ፣ ‹‹ወንድሜ፣ እየሄድክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል፤ ቀስ በል›› አለኝ። ለዘወትር እርምጃም የምጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው፦ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካልተቻለ፣ ልብና ሳንባ በልካቸው እየሠሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚመክረው እንዲህ ያለውን መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው።

ብዙዎቻችን ቀን በቀን የምናሳድደው 10,000 እርምጃ የተለመደው ግን ከሕክምና ምርምር ተነስቶ አይደለም። አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ያሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስሙ ራሱ 10,000 እርምጃ የሚል ነበር። ቁጥሩ ሰውን ከቤት ካስወጣ እሰየው። ለተራራ የሚያዘጋጀው ግን የእርምጃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሜዳ ብቻ የለመደ ጭን ቁልቁለት ላይ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ አጠገብ፣ 3,950 ሜትር ግድም ላይ፣ በደንብ አየሁት። ዳገት ትንፋሽ ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን የጭንን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት እንዲይዝ ያስገድደዋል፣ በማግሥቱ የሚያመውም እሱ ነው። ለወራት ደረጃ ስወርድና ቦርሳ ተሸክሜ ተዳፋት ስፈልግ የከረምኩት ለዚህ ነበር፤ ጉልበቴም አላሳፈረኝም። በሁለት እጄ የምደገፍባቸው የጉዞ ዘንጎችም ረድተውኛል። ሜዳ ላይ ክርኔ በ90 ዲግሪ እንዲታጠፍ አድርጌ እለካቸዋለሁ፣ ዳገት ላይ አሳጥራቸዋለሁ፣ ስወርድ አስረዝማቸዋለሁ።

ሳነቴ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻውን ቆሞ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ነፋሱ አያባራም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ሦስት ስስ ልብሶች መደረብ ይሻላል፦ ላብ የሚያስወጣ ከሥር፣ ሹራብ መሐል፣ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ከላይ። ስንወጣ ሳያልበን በፊት እናወልቃለን፤ ስንቆም ሳይበርደን በፊት እንለብሳለን። ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ መኪና የሚደርስበት ጫፍ ነው። እኛ ግን በእግራችን ወጣነው፤ መጨረሻው ላይ ጥቂት እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ደግሞ ጥቂት መሄድ ነበር።

ለመሄድ ላሰበ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳልና ጥሩ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ዝግጅቱን ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በሚጓዝበት ጫማና ቦርሳ፣ ከቁልቁለት ይጀምር።