ጀጎልን በ20 ሚሊ ሜትር

ጀጎል ውስጥ ፎቶ ያነሳ ሰው ይሄን ያውቀዋል። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልበል ስትል ጀርባህ ግንብ ይነካል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘህ ከገባህ በር ታገኛለህ፣ ፊት ታገኛለህ፣ የግድግዳ ቁራጭ ታገኛለህ። መንገዱ ራሱ ግን አይገባልህም። ለዚህ ነው ከድሬ ወደ ሐረር በወጣሁ ቁጥር አንድ ሌንስ ከካሜራዬ ላይ የማይወርደው።

ሩሳር ኤምአር-2 ይባላል። የሶቪየት ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣ፣ 20 ሚሊ ሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል)፣ የብርሃን ቀዳዳው ማለትም አፐርቸሩ ቢከፈት ቢከፈት ከኤፍ 5.6 የማያልፍ። የምገጥመው ዞርኪ 4 የሚባል የሶቪየት የፊልም ካሜራ ላይ ነው። ሁለቱንም የገዛሁት ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ከሚኖሩ፣ ድሮ ፎቶ ቤት ከነበራቸው አንድ አዛውንት ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሲያስረክቡኝ «አቦ፣ ይሄ ርቆ ለሚያነሳ ሰው አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስታየው ሌንስ አይመስልም። አጭር ነው፣ እጅ ላይ አይከብድም፣ ከካሜራው ፊትም ብዙ አይወጣም። አፐርቸሩን የምትቀይርበት ቀለበት ከጎኑ አይደለም፤ ከፊት ለፊት፣ መስታወቱን ከቦ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው። ጣትህን አስገብተህ በጥፍርህ ታዞረዋለህ፣ ካልተጠነቀቅክ ደግሞ መስታወቱ ላይ አሻራህን ትተህ ትወጣለህ። እኔ ከቤት ሳልወጣ ኤፍ 8 ላይ አደርገውና ውጭ እያለሁ አልነካውም። ከኋላ በኩል ያለው መስታወት ደግሞ ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ ይገባል፤ ወደ ፊልሙ በጣም ይጠጋል።

ይሄ ሊሆን የቻለው ካሜራው ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም ማያው ከሌንሱ ውጭ ለብቻው የሆነ ካሜራ፣ ስለሆነ ነው። በሌንሱ በራሱ በኩል የምታይበት ኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ብድግ ቁጭ የሚል የፊት መስታወት ዓይነት ነገር አለ፤ ሌንሱ ለእሱ ቦታ መልቀቅ አለበት። ቦታ ለመልቀቅ ሲባል የሰፊ ሌንሶች አሠራር ይወሳሰባል፣ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለው መስመርም ጠርዝ ላይ ይጎብጣል። ሬንጅፋይንደር ይሄ ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ሌንሱ ከመሃሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተመሳሳይ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ የፊተኛው ግማሽ ያጎበጠውን የኋለኛው ያቃናዋል።

ሌንሱን የቀመረው ሚካኢል ሩሲኖቭ የሚባል ሶቪየታዊ የኦፕቲክስ ሊቅ ነው። ሰውየው በዋናነት ይሠራ የነበረው ከአውሮፕላን ላይ ለካርታ ሥራ የሚያነሱ ሌንሶችን ነበር። ካርታ ላይ የጎበጠ መስመር አይሠራም፤ ቀጥ ያለው ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ሌላው ራስ ምታት የፎቶው ማዕዘኖች መጨለም ነው። ሌንስ በሰፋ ቁጥር ወደ ማዕዘኖቹ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ 20 ሚሊ ሜትር ላይ በደረቁ ብታሰላው ማዕዘኑ የሚያገኘው የመሃሉን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሩሲኖቭ ያደረገው ነገር ያስደንቀኛል። የአፐርቸሩ ቀዳዳ ከጎን ሲታይ ሰፍቶ እንዲታይ አድርጎ መስታወቶቹን ቀረጻቸው። ሌንሱን እጅህ ላይ ይዘህ ቀስ እያልክ ብታዘነብለው በዓይንህ ታየዋለህ፤ ሌላው ሌንስ ላይ ቀዳዳው እየጠበበ ሲሄድ እዚህ ላይ ያብጣል። በዚህ ብቻ የማዕዘኑ ብርሃን ወደ አንድ ሦስተኛ ተጠጋ። አሁንም ይጨልማል፣ ግን የጀጎል ነጭ ግድግዳ ላይ እኔ እወደዋለሁ።

ፎከስ የማደርገው ሌንሱ ላይ ባለው የርቀት ቁጥር ነው። ኤፍ 8 ላይ 1.7 ሜትር ገደማ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ከ85 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ያለው በሙሉ ጥርት ይላል። ካሜራው ላይ ያለችው ማያ 20 ሚሊ ሜትር አታሳይም፤ ስለዚህ ፍላሽ በሚገባበት ቦታ ላይ ለብቻው የሆነ ትንሽ ማያ፣ ፋይንደር የሚባለው፣ ይሰካል።

አሁን ወደ ጋሼ ነገር ልመለስ። የጀጎልን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ሲንጀራቸውን ዘርግተው፣ መሃል ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተሻሸ ያልፋል። እዚያ ቆመህ ከሩቅ በዚህ ሌንስ ብታነሳ ሁሉም ነገር ይገባል፣ ግን ሁሉም ነገር ጉንዳን ያክላል። ሰላም ብለህ፣ አስፈቅደህ፣ አንድ ሜትር ድረስ መጠጋት አለብህ። ያኔ የልብስ ሰፊው እጅ ጨርቁን ሲገፋ ትልቅ ሆኖ ይወጣል፣ መርፌው ይታያል፣ ከጀርባው መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተዘርግቶ ይቀመጣል። እኔ ካሜራውን ደረቴ ላይ አወርደዋለሁ፤ ትንሽ ቀና ካደረግኩት ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ቀጥ ካለ ግን ግንቡ ግንብ ነው፤ አንዲት መስመር አትጎብጥም።

የሐረሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። በር ላይ ቆመህ መደቦቹን ደረጃ በደረጃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች፣ ጣሪያውን ሳይቀር በአንድ ፎቶ ታገኛለህ። ብርሃኑ ግን ትንሽ ነው። ትንሽ ብርሃን የሚበቃው 400 ፊልም ይዤ እንኳን ኤፍ 5.6 ላይ 1/8 ሰከንድ እወርዳለሁ፤ የበሩ መቃን ላይ ተደግፌ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰው ካለ ደግሞ ወደ መሃል ይምጣ። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ውጭ ይለጠጣል። ይህ የሌንሱ ጉድለት አይደለም፤ መስመርን ቀጥ አድርጎ ለማቆየት የሚከፈል ዋጋ ነው። እማማ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ ማለት ይበቃል፤ ማንም እናት በተለጠጠ ፊት እንድትታይ አልፈልግም።

ዲጂታል ላይ ገጥሞ መሞከር የሚፈልግ ይኖራል። አይመከርም። ብርሃኑ ከኋላው መስታወት በጣም አጋድሎ ስለሚወጣ ማዕዘኖቹ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳሉ። ፊልም ግን ብርሃኑ ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ግድ የለውም። የፊልሙ ችግር ሌላ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላመጣልህ የለም፣ የድሬ ሙቀት ደግሞ አይምረውም፣ ስለዚህ ከቅቤው አጠገብ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ሳጥበውም በረዶ ጨምሬበት ነው። የቧንቧው ውሃ ለብ ብሎ ይመጣል፣ እኔ የምፈልገው 20 ዲግሪ ነው።

መግዛት ለምትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሎሞግራፊ የሚባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ይህንኑ ሌንስ እዚያው ሩሲያ አሠርቶ እንደ አዲስ አውጥቶታል። አሮጌውን ካገኛችሁ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩት፤ ጭጋግ ካለ ተዉት። አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ይዙር። ፋይንደሩ አብሮት ካለ ደግሞ ብዙ አትከራከሩ፣ ለብቻው መፈለግ አድካሚ ነው።