ውኃው ይቀዘቅዛል

ስለቴ ሁለት ነበር፤ አንዱ ዣንጥላ፣ ሌላው ምስክርነት። ዣንጥላውን አስገብቻለሁ። ምስክርነቱን ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ረስቼው አይደለም፤ አፍሬ ነው። ሌላው ሰው የሚሳለው ልጁ እንዲድንለት፣ የራቀው እንዲመጣለት ነው። እኔ የተሳልኩት ከልጄ ተለይቼ እንድሄድ ነው። የሐዋሳው ቅዱስ ገብርኤል ይህንንም ጸሎት ሰምቷልና፣ ካፈርኩም አፍሬ ልናገረው።

ዱባይ ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አስታምማለሁ። ቤቱ የልጃቸው ነው፤ እርሷን ማዳም፣ እሳቸውን ማማ እላቸዋለሁ። የካቲት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ለአባቴ ሙት ዓመት የ45 ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኝ ሐዋሳ ገባሁ። የመመለሻ ትኬቴ ለመጋቢት 17 ተቆርጧል። ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የሚያድገው ከእናቴ ጋር ነው። በመጣሁ ማግስት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አውርዶ መጋቢት 17ን በቀይ እስክሪብቶ ከበባት። ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ቀን ይሰርዛል። አሞራ ገደል ወርደን የዓሣ ሾርባ ስንጠጣ፣ አባ ኮዳዎቹ በዓሣ አንጀት ሲጣሉ እያየን ስንስቅ ሁሉ፣ ያቺ ቀይ ክብ ከዓይኔ አትጠፋም ነበር።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 10 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ከውጭ እንዳይገባ ከለከለች። መጋቢት 16 መንገደኛ የሚጭን በረራ ቆመ። በአንድ ቀን ተቀደምኩ ማለት ነው። ልጄ በ17 ጠዋት ተነሥቶ አልጋው ላይ ሲያገኘኝ የመጋቢትን ቅጠል ከቀን መቁጠሪያው ገንጥሎ ጣለውና «ኮሮና ጎበዝ ነው» አለ። እናቴ ማማሰያ ይዛ ተነሣችበት።

ለጎረቤት ግን ኮሮና እኔው ነበርኩ። በሽታው አገር ውስጥ ከመታየቱ ከወር በፊት መምጣቴን የሚቆጥርልኝ አልነበረም፤ ከዓረብ አገር የመጣች ተብያለሁ፣ አበቃ። ቡና ሲፈላ የሚጠራኝ ጠፋ። እናቴ በበኩሏ ቤቱን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጤና አዳም ሽታ ሞላችው፤ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ሊገድለን ነበር። በሚያዝያ ከሳዑዲ ዓረቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተጭነው መጥተው በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ ማቆያ ሲገቡ በቴሌቪዥን አይ ነበር። እነርሱ በግድ ተጭነው መጡ፤ እኔን ተጫኚ የሚለኝ ባገኝ ግን በሩጫ በሄድኩ።

«ቪዛ ተቃጠለ» የሚለውን አነጋገር ዓረብ አገር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የኤምሬቶች የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከአገሪቱ ወጥቶ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ፈቃዱ ይሰረዛል። 180 ቀን ማለት ነው፤ ከወጣሁበት ቀን ስቆጥር ነሐሴ 2 ላይ ይሞላል። ወረርሽኙ ሲመጣ ለነዋሪዎች ማራዘሚያ ተሰጥቶ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ ደግሞ ማራዘሚያው ተሽሯል ተባለ። የለም፣ ውጭ ለቀሩት የእፎይታ ጊዜ አለ የሚልም ነበር። አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ሲል፣ እኔ የማምነው የቀን መቁጠሪያውን ብቻ ሆነ። አሁን ማታ ማታ ቀን የምሰርዘው እኔ ነኝ።

ከግንቦት በኋላ እጄ ባዶ ቀረ። የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ፣ ለሙት ዓመቱ የተበደርኩት፣ ሁሉም የዱባዩን ደመወዝ ተማምነው የቆሙ ነበሩ። «አገርሽ ገብተሽ፣ እዚሁ አትሠሪም?» የሚለኝ አልጠፋም። ሆቴሎች ሠራተኛ በሚያሰናብቱበት በዚያ ወቅት የት ሄጄ? ማዳምም ቁርጡን ነገረችኝ፤ እስከ ነሐሴ መባቻ ትጠብቀኛለች፣ ከዚያ ሌላ ሰው ታስገባለች። አልፈርድባትም። ማማን የሚያነሣና የሚያስተኛ ሰው ያስፈልጋል።

ሰኔ 15 ቀን ዱባይ ነዋሪዎቿ በፈቃድ እንዲመለሱ በሯን ከፈተች። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ነው። መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ፎርም የሚሞላ፣ በወቅቱ ደግሞ ዲቪ የሚሞላ አንድ ልጅ ነበር፤ ቤቷ ከመጥበቧ የተነሣ ሁለተኛ ደንበኛ የሚቆመው ውጭ ነው። «ኢሜይል አለሽ?» አለኝ። የለኝም። «ችግር የለም፣ በእኔ እናደርገዋለን» አለና የራሱን አስገባ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ሰኔ 17 ፓስፖርቴንና መታወቂያዬን ላከ፤ መልሱ ሲመጣ እደውልልሻለሁ ብሎ ስልኬን መዘገበ።

ሰኔ 22 ሌሊት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ ሰው ሞተ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ከእኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሻሸመኔ ነደደች። ሰው ሕይወቱንና ቤቱን በሚያጣበት ሰዓት እኔ ስለ አንድ ወረቀት ማሰቤ አሁንም ያሳፍረኛል። አስቤአለሁ ግን።

ፎርሙን ወደሞላልኝ ልጅ ቤት ብሄድ ተቆልፏል። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጎረቤቱ ያለችው ሻይ ሻጭ «ወላጆቹን ሊጠይቅ ባቱ ሄዶ ነበር፣ መንገድ ተዘጋበት መሰለኝ» አለችኝ። ኢንተርኔት ባይኖርም ስልክ ይሠራል፤ ለማዳም ደውዬ በእርሷ በኩል አዲስ ማመልከቻ እንድታስገባልኝ ለመንኳት። ሞክራ ደወለችልኝ፤ በዚህ ፓስፖርት ቀድሞ ማመልከቻ ገብቷል ብሎ መልሷታል። «የመጀመሪያውን ቁጥር አምጪ፣ እኔ እከታተለዋለሁ» አለች። ቁጥሩ ያለው ኢሜይሉ ውስጥ ነው። ኢሜይሉ የልጁ ነው። ልጁ የለም። ተፈቅዶልኝ ይሁን ተከልክዬ፣ መልሱ መጥቶ ከሆነም አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ የምከፍትበት ቁልፍ ግን ባቱ ነው። ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ በየቀኑ እየሄድኩ ቁልፉን አይቼ እመለስ ጀመር። ሻይ ሻጯ በኋላ በኋላ ሳልጠይቃት ገና ከሩቅ በራሷ ምልክት ትሰጠኛለች፤ የለም።

በእነዚያ ምሽቶች እናቴ ለልጄ የቂርቆስንና የእናቱን የኢየሉጣን ታሪክ ትነግረው ነበር፤ የሐምሌ 19 በዓል የእነርሱ ነውና። መኰንኑ ውኃ በጋን አፍልቶ እናትና ልጅን ሊጥላቸው ሲል፣ ኢየሉጣ ፍላቱ እንደ ነጎድጓድ ሲጮኽ ሰምታ ፈራች። ያበረታት የሦስት ዓመት ልጇ ነው። ከዚያ ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ ውኃውን አቀዘቀዘው። ልጄ ታሪኩን በየማታው ያስደግማታል፤ የሚጠይቀውም ያው አንድ ጥያቄ ነው። «እናቱ ፈርታ እሱ ለምን አልፈራም?» እናቴም «ሕፃን ነዋ፣ ምን ያውቃል!» ትለዋለች። ሊቃውንቱ ይህን መልስ አይወዱት ይሆናል።

ሐምሌ 15 ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የገብርኤልን ሥዕል ከግድግዳው አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። «ቪዛዬ ሳይቃጠል መልሰኝ» ብዬ ጀመርኩና ምላሴ ተያዘ። መልሰኝ ማለት ከማን ጉያ ነው? ልጄ እዚያ ማዶ ተኝቷል። ሌሊቱን ሙሉ ጸለይኩ ብል ውሸት ነው፤ ያለቀስኩት ይበልጣል።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ባዶ እግሩን ነው።

«ለመሄድ ነው የምታለቅሺው?»

አልመለስኩለትም። መጥቶ ጭኔ ላይ ያለውን ሥዕል አየ፤ ብዙ ቆየ።

«እማዬ፣ አትፍሪ። ውኃው ይቀዘቅዛል።»

ያ መጋቢትን ገንጥሎ የጣለ ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ። የተሳልኩት ያን ጊዜ ነው። «በሰላም ብታስገባኝ፣ እርሱንም ብትጠብቅልኝ ዣንጥላ ይዤ እመጣለሁ፤ ያደረግህልኝንም እናገራለሁ» አልኩ። ልጄ «እኔ ነኝ የምይዘው» አለ። ዣንጥላውን ማለቱ ነው።

በማግስቱ፣ ሐምሌ 16፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተለቀቀ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፋ። የእኔ ደስታ ግማሽ ሰዓትም አልቆየ፤ መንገዱ ተከፈተ እንጂ ቁልፉ ገና አልመጣም። በ16 ሄድኩ፣ በ17 ሄድኩ፣ በ18 ሄድኩ። ተቆልፏል።

ሐምሌ 19 እሑድ ዋለ። በዓሉ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆምን። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ጧፌን ለኩሼ ከልጄ ጋር ቆሜ፣ ልመናዬን ሳልደግመው ዝም አልኩ። የምለው አልቆብኝ ነበር። ስንመለስ እግሬ እንደለመደው በመናኸሪያ በኩል ወሰደኝ። ሻይ ሻጯ ከሩቅ ሁለት እጇን አውለበለበች። በሩ ተከፍቷል። ልጁ መጥረጊያ ይዞ የገባበትን የዝናብ ውኃ ወደ ውጭ እየጠረገ ነው።

ሲያየኝ መጥረጊያውን ጣለው። «አንቺ እህቴ፣ እንዴት ልፈልግሽ! ስልኬ ጠፍቶ፣ ቁጥርሽ አብሮ ጠፍቶ...» ኮምፒውተሩ እስኪከፈት የቆየውን ያህል ጊዜ በሕይወቴ ቆሜ አላውቅም። መልሱ ሰኔ 24 ነው የገባው፤ ኢንተርኔቱ በተቋረጠ በማግስቱ። ተፈቅዷል። የፈቃዱም ቀን ገና አላለፈም። ልጁ ፕሮቴስታንት ነው፤ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ነው ቤቱን የከፈተው። «እሑድ አልከፍትም ነበር፤ ዛሬ ግን ውኃ ገብቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ» አለኝ። እኔ ገብርኤል ነው አልኩ፣ እርሱ ጌታ ነው አለ፤ ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን። ለሕትመቱ ብር አልቀበልም ብሎ አስቸገረኝ። የልጄ ዓይን ግን ወለሉ ላይ ባለው ውኃ ላይ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካና «ቀዝቃዛ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። እህቴ የአንገት ሐብሏን ሸጣ ትኬት ገዛችልኝ። ሐምሌ 27 አዲስ አበባ የወጣሁበት አውቶቡስ በግማሽ ነው የጫነው፤ ሒሳቡ ግን እጥፍ ነበር። ሻሸመኔ ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ አልነበረም፤ በግራም በቀኝም የጠቆሩ ግድግዳዎች ናቸው። ከሐምሌ 25 ጀምሮ ዱባይ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በ96 ሰዓት ውስጥ የተመረመረ፣ ከኮሮና ነፃ የሚል ወረቀት መያዝ ነበረበት። በ28 ናሙና ሰጠሁ። የክረምቱ ብርድ ያመጣብኝ ትንሽ ሳል ነበረችኝና ሰው ፊት ላለማሳል ትንፋሼን ይዤ ተሰለፍኩ፤ እናቴ የቋጠረችልኝን ዝንጅብል እንደ ከረሜላ አላምጬ ጨረስኩት። በማግስቱ ማምሻውን ውጤቱ መጣ፤ ነፃ ነኝ። ሐምሌ 30 በረርኩ። ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀመጠው ሰውዬ ፓስፖርቴን ሲያገላብጥ ቆጠርኩ፤ 180 ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ማኅተሙን መታና ቀና ብሎም ሳያየኝ ሂጂ አለኝ።

በማግስቱ ፍልሰታ ገባ። ማማን አጣጥቤ፣ አስተኝቼ ወደ ሐዋሳ ደወልኩ። ልጄ ሰላምታም ሳያስቀድም «ቀዘቀዘ?» አለኝ። ቀዘቀዘ አልኩት። እርሱ ግን ያን ቀን ድምፁ ደህና አልነበረም፤ እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ጉንፋን ይዞት ነው» አለችኝ። ጉንፋን እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዣንጥላውን ያስገባሁት ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከመርካቶ ያስመጣሁት፣ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ቀይ ዣንጥላ ነበር። በዓሉ ወደ ቀድሞ ሙላቱ ተመልሶ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል። ልጄ ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል፤ እንዳለውም የያዘው እርሱ ነው፣ ለእኔ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልሰጠኝም። ዲያቆኑ ከእጁ ሲቀበለው ልጄ ወደ እኔ ዞር ብሎ ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቀኝ። አርባ አምስት አልኩት። ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ።