ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ ሰው፦ የውሃውን ጨው አስሉት

ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርገው ጅቡቲ የሚመላለሱ ሹፌሮችና ረዳቶች የዚያን አገር ውሃ ጨው ጨው እንደሚል ያውቁታል። ብዙዎቹ ግን ጣዕሙን ይለምዱትና ይረሱታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከሽሮውና ከወጡ ጨው ላይ የሚደመረው ሶዲየም፣ ማለትም የደም ግፊት የሚያነሳው የጨው ክፍል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2 ግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል፤ በገበታ ጨው 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። በሊትር 500 ሚሊግራም ሶዲየም ያለበት ውሃ በዚያ ሙቀት 4 ሊትር የጠጣ ሰው፣ እንጀራ ሳይቆርስ 2 ግራሙን ጨርሷል።

በባህር ዳር ጨው ወደ ውሃ ጉድጓድ የሚገባው እንዲህ ነው። ጣፋጩ ውሃ ከባህሩ ስለሚቀል ከመሬት በታች በላዩ ላይ ይቀመጣል። ፓምፕ አብዝቶ ስቦት ከፍታው በ1 ሜትር ሲወርድ፣ ከሥሩ ያለው ጨዋማ ውሃ ወደ 40 ሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል። የባህር ጠለል መጨመርም ያባብሰዋል። በባንግላዲሽ የባህር ዳርቻ፣ ዳኮፕ በተባለ ቦታ በተደረገ ጥናት፣ ውሃው በሚጨውበት በበጋ ወራት የነፍሰ ጡሮች ደም ግፊት ከዝናቡ ወራት በዝቶ ተገኝቷል። ጨዋማ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ለግፊት ያን ያህል ላይከፋ ይችላል። ይህን የሚለየው ግን ላቦራቶሪ እንጂ ምላስ አይደለም።

ማፍላት ጨው አያወጣም፤ ይባስ ብሎ ያከርረዋል። ያንኑ ውሃ 5 ሊትር አፍልታችሁ 4 ሊትር ቢቀር፣ 500 የነበረው 625 ሚሊግራም ይሆናል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ጨው አይነካም፤ የጨርቅና የአሸዋ ማጣሪያም እንዲሁ።

ስለዚህ የመጠጡን ከኮምቦልቻ ጫኑ፦ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሰው 5 ቀን ይበቃል። የጅቡቲውን ውሃ ለመታጠቢያና ለልብስ አድርጉት። የጫናችሁት ካነሰባችሁ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ፣ ጨዉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በጨዋማ ውሃ የሚሠራ ሽሮ ላይ ጨው አትጨምሩ፤ ሩዝና ፓስታም ውሃውን ስለሚመጥጡ እንደዚያው። ጨው ፈርቶ በሙቀት ውሃ መቀነስ ግን አደጋ ነው፤ ሌላ ከሌለ ያለውን ጠጡ።

ለሕፃን የዱቄት ወተትም ሆነ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት) በጨዋማ ውሃ አይበጠበጥ። የኦአርኤሱ ጨው ተለክቶ የገባ ነው፤ ሲጨመርበት ተቅማጥ ያደከመው ልጅ ደም ውስጥ ሶዲየም ከልክ በላይ ይጨምራል፣ እስከ ማንቀጥቀጥም ይደርሳል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስትመለሱ ግፊታችሁን ተለኩ፦ ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና ሳትጠጡ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም። ነፍሰ ጡር ግን ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ካየች ቀን አትቁጠር፤ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ትሂድ።