ዕንቁ ብቻ ነበር የጎደለኝ

ለግሸን ብዬ የገዛሁት ቀሚስ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ከመስከረም 21 ወዲህ አልለበስኩትም።

ደሴ ፒያሳ ነው የገዛሁት። እጅጌው እስከ አንጓ፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት። ጥበቡ ከአንገት እስከ ታች ይወርዳል። ሻጩ «ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጨዋ ቀሚስ» አለኝ። ዋጋውን አልጽፈውም። የወር ደመወዜ የተረፈው ለጥቂት ነው።

የግሸን አምባ ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እዚያ እንዳረፈ ይታመናል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ሕዝቡ ወደ አምባሰል የሚተመው። አንዳንዱ በባዶ እግሩ፣ አንዳንዱ በሶውን ቋጥሮ። እኔ አቀበቱን የወጣሁት አቧራ እንዳይነካው የቀሚሴን ጫፍ ሰብስቤ ነው። አብራኝ አያቴ ነበረች። ነጠላዋ ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ ግን ጸአዳ ነው። እሷ ባረፈች ቁጥር «እመቤቴ» ትላለች። እኔ ባረፍን ቁጥር ስልኬን ለጓደኛዬ አቀብላለሁ። «አምባውም ይግባልኝ» እያልኩ።

ላይ ስንደርስ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። 500 ብር ሰጠሁ። መዝጋቢው የክርስትና ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በዚህ ማብቃት ነበረበት። የክርስትና ስም መሰወሪያም እኮ ነው። ስንት ወለተ ማርያም አለ፤ የትኛዋ እንደሰጠች ማን ያውቃል? እኔ ግን «የዓለም ስሜም ይጠራልኝ፣ ከደሴ ብለው» አልኩት። በድምፅ ማጉያው ስጠራ ደስ አለኝ። አያቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«ወላሂ ልጄ፣ እሱ እኮ ድሮም ያውቅሽ ነበር» አለች። (ክርስቲያን ናት። ግን የወሎ ሰው ናትና «ወላሂ» ከአፏ አይጠፋም።)

ቤት ስገባ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9ን ገለጥኩ። በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነው፤ ለሌላ ሰው ስለምጠቅሰው። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት ልጅ ጉልበቷን የማይሸፍን ጉርድ ለብሳ ሰፈራችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን መጣች። ነጠላም አድርጋለች። በሩ ላይ አስቆምኳት። «እህቴ፣ እንዲህ ተለብሶ ቤተ እግዚአብሔር አይመጣም» አልኳት፣ ሰው እየሰማ። ጳውሎስንም ጠቀስኩላት። ምንም ሳትል ተመለሰች። ያን ቀን አንድ በጎ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነው ያስቀደስኩት።

አሁን ሳነበው ጥቅሱ ስለ ጉርድ ርዝመት አንድም ቃል የለውም። ሴቶች አይሸለሙባቸው ብሎ በስም የጠራቸው ሽሩባ፣ ወርቅ፣ ዕንቁና «ዋጋው እጅግ የከበረ ልብስ» ናቸው። ለግሸን ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። የእናቴን የወርቅ ሐብል አድርጌ ነበር። የቀሚሱን ነገር ጽፌዋለሁ። ዕንቁ ብቻ ነበር የጎደለኝ። ሳቄ መጣ። ቆየት ብሎ ግን አላሳቀኝም።

እዚያው ቁጥር ላይ «እፍረት» የሚል ቃል አለ። እኛ እፍረትን ሌላው ላይ ነው የምንወረውረው፤ «አታፍሪም?» እያልን። ጳውሎስ ግን ሴቶች ራሳቸው የሚሸለሙበት ጌጥ አድርጎ ነው ያነሳው። ስንት ጊዜ አንብቤው ይህን አላየሁም።

አለባበስ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ስገባ ልቤ ረጋ ይላል። ቡትቶ መልበስም መፍትሔ አይመስለኝም፤ ቡትቶውን እንደ ሜዳልያ የሚያሳይ ሰውም አይቻለሁ። አያቴ እንኳ ለበዓል ነጠላዋን አጥባ፣ አጥና ነው የምትወጣው። ከወጣች በኋላ ግን ልብሷ ትዝ አይላትም። እኔ ቀኑን ሙሉ የማስበው ልብሴን ነበር።

ባለፈው እሑድ ያቺን ልጅ አየኋት። ረጅም ቀሚስ ለብሳለች። ግቢ አልገባችም፤ ከውጭ አጥሩን ተደግፋ ታስቀድሳለች። ስታየኝ ቀሚሷን ወደ ታች ጎተት አደረገችው።

ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ። ግን ሰው ነበር። ብቻዋን ሳገኛት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ስናገራት ሰው መኖሩ አልከበደኝም ነበር። ቅዳሴው አልቆ ጠበል ልጠጣ ስሰለፍ እሷ ሄዳለች።