ቦታው ሰፋ፣ ዊንዶውስ ግን እምቢ አለ

"ዲስኩ ተገዝቶ መጥቷል አይደል? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?"

ጅማ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ይህን የሚጠይቁት አለቃችን ናቸው። አይፈረድባቸውም። መዝገብ ቤቱ የድሮ ፋይሎችን ስካን ማድረግ ከጀመረ ወዲህ የጋራው ድራይቭ ሞልቶ ቀይ እያሳየ ነው። ስልክ የሚደወለው ደግሞ ለእሳቸው ነው።

የነበረን ስቶሬጅ ባለ 4 ቴራባይት 4 ዲስኮች በሬይድ 5 የተያያዙበት ነው። ሬይድ 5 ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ አደራደር ሲሆን፣ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለፓሪቲ (የጠፋ ዳታን መልሶ ለማስላት ለሚረዳ መረጃ) ይወስዳል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ዳታው ከቀሩት ተሰልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ለሥራ የሚቀረው 12 ቴራባይት ነው። ሁለት ዲስክ ሲጨመር ፓሪቲው ያው የአንድ ዲስክ ያህል ስለሚሆን 20 ይሆናል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው።

ችግሩ ማስፋት ማለት ባዶ ቦታ ጫፉ ላይ መቀጠል የሚመስለው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ዳታው በ4ቱ ዲስኮች ላይ ተበጣጥሶ ነው የተቀመጠው። ዲስኮቹ 6 ሲሆኑ ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የስቶሬጁ ክፍል) እያንዳንዱን ቁራጭ ያነባል፣ ፓሪቲውን እንደገና ያሰላል፣ በአዲስ አደራደር ይጽፋል። ለአለቃችን "መዝገብ ቤቱን በሙሉ ከመደርደሪያ አውርዶ በአዲስ ተራ መደርደር ማለት ነው፣ ያውም ሰው ፋይል እየጠየቀ" አልኳቸው። ሥራ የጀመሩት መዝገብ ቤት ስለሆነ ወዲያው ገባቸው። ዝም አሉ።

በብዙ ስቶሬጆች ላይ ይህ ሥራ አንዴ ከተጀመረ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ቀድመን ሁለት ነገር አየን። አንደኛው ባክአፑ ነው። "ባክአፕ አለ" የሚለውን ቃል ሁሉም ይላል። እኛ ጥቂት ፎልደሮችን ሌላ ማሽን ላይ መልሰን ፋይሎቹን ከፍተን አየን። ሁለተኛው የአሮጌዎቹ ዲስኮች ጤና ነው። ማስፋቱ ለዓመታት ማንም ያልነካውን ቦታ ጭምር ስለሚያነብ፣ ተደብቆ የኖረ ብልሽት የሚወጣው ያኔ ነው። ሎጉን ስናይ አንደኛው ዲስክ የንባብ ስህተት መቁጠር ጀምሯል። በመጠባበቂያው ቀየርነውና ሪቢልዱ (የወጣው ዲስክ ዳታ ተሰልቶ አዲሱ ላይ መጻፉ) እስኪያልቅ ጠበቅን። አለቃችን ፊታቸው ተኮሳተረ፤ እኛም እንዳላየን ሆንን። (በነገራችን ላይ፣ በእኔ እምነት በዚህ መጠን ዲስክ ሬይድ 6 ነው የሚያዋጣው። ሁለት ዲስክ ቢሞት ይችላል። ግን ያገኘነው እንደተሠራ ነው።)

ዓርብ ከሥራ ሰዓት በኋላ ጀመርነው። ከዚያ የጅማ ዝናብ መጣ፣ መብራትም ሄደ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ 1 እዚሁ አጠገባችን እያለ ጨለማ መቀመጥ ይገርመኛል። ለማንኛውም ዩፒኤሱ ያዘ፣ ጄኔሬተሩም ተነሳ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ዘበኛ በከተማዋ ወግ "አባ ጄኔሬተር" ነው የሚባለው። ጥሩ ኮንትሮለር ኃይል ቢቋረጥ እንኳ የደረሰበትን መዝግቦ ስለሚይዝ ከዚያው ይቀጥላል። እኛ ግን ይህን በገዛ ዳታችን ላይ ለመሞከር አልጓጓንም። ነዳጅ አስቀድሞ የተሞላውም ለዚህ ነው። ፐርሰንቱ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ አለቀ።

ቀጥሎ ስቶሬጁ ላይ ቮልዩሙን (ለሰርቨሩ የተመደበውን ቦታ) አሳደግነው። ሰርቨሩ ላይ ዲስኩን ዳግም ስናስቃኘው አዲሱ ባዶ ቦታ ቁልጭ ብሎ ታየ። ድራይቩ በዚያ ቦታ እንዲሰፋ ኤክስቴንድ አልነው። እምቢ! የክላስተሩ ብዛት ፋይል ሲስተሙ ከሚችለው በላይ ይሆናል የሚል መልእክት አወጣ። ክላስተር ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የቦታ ቁራጭ ነው፤ ፋይል ሲስተም ደግሞ ፋይሎች ዲስኩ ላይ የት እንዳሉ የሚመዘግበው ሥርዓት።

አንዱ ስቶሬጁን ጠረጠረ፣ ሌላው ሰርቨሩ ሪስታርት ይደረግ አለ። ነገሩን የፈታችው ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው ባልደረባችን ናት። ኤፍኤስዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የክላስተሩን መጠን አየች። 4 ኪሎባይት። "በቃ፣ ከ16 አያልፍማ!" አለች።

ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ቦታን በክላስተር ነው የሚቆጥረው፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የክላስተሩ ብዛት ከ4.3 ቢሊዮን ገደማ ማለፍ አይችልም። በ4 ኪሎባይት ሲባዛ 16 ቴራባይት ላይ ይቆማል። 8 ኪሎባይት ቢሆን 32፣ 64 ኪሎባይት ቢሆን 256 ይደርስ ነበር። መጀመሪያ ፎርማት ያደረገው ሰው አላጠፋም። 12 ቴራባይት ላይ ዊንዶውስ ራሱ የሚመርጠው 4 ኪሎባይትን ነው። እንደኔ እንደኔ የማስፋት እቅድ ከላይ ወደ ታች መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ፣ ቀጥሎ ቮልዩሙ፣ ዲስኩ መጨረሻ። ግዢ ላይ ግን ሁሌም ከዲስኩ ነው የሚጀመረው።

ምርጫው ጠባብ ነበር። ድራይቩን በትልቅ ክላስተር ዳግም ፎርማት አድርጎ ሁሉንም ከባክአፕ መመለስ ይቻላል፤ መዝገብ ቤቱ ግን ይዘጋል። ክላስተርን እንዳለ እንቀይራለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ እዚያ ውስጥ አልገባንም። የድሮውን ድራይቭ እንዳለ ትተን በአዲሱ ቦታ ላይ ሁለተኛ ቮልዩም ሠራን፣ በ64 ኪሎባይት። ስካን የተደረገ ፋይል ትልቅ ስለሆነ የሚባክነው ቦታ ጥቂት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች "ደግሞ ሌላ ድራይቭ?" ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ለመዱት።

ያልለመዱት የፋይናንስ ኃላፊዋ ናቸው። "6 በ4 ሃያ አራት ነው። እናንተ 20 አላችሁኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲደመር 18.2 ነው። ቀሪው የት ገባ?" 4ቱ ለፓሪቲ መሄዱን ተቀበሉ። የቀረው ግን አልዋጥ አላቸው። ዲስክ አምራቹ በ1000 እንደሚቆጥር፣ ዊንዶውስ በ1024 እንደሚቆጥር፣ አንዳች ነገር እንዳልጠፋ አስረዳናቸው። ካልኩሌተራቸውን አውጥተው ራሳቸው አሰሉት። ልክ መጣ።

"እሺ፣ በጽሑፍ ስጡኝ" አሉ። "ኦዲተር ሲመጣ እኔ ይህን አላስረዳም።"

ጻፍንላቸው። ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ሆኗል፤ ስካን ተደርጎም አዲሱ ድራይቭ ላይ ገብቷል።